ፍላጉ ወደቀ፣ ያርዱ ከየት ይቆጠራል? የሉዝ ቦልና የራኒንግ ፕሌይ ዳኝነት ደረጃ በደረጃ

የአሜሪካ ፉትቦል ጨዋታ ነው፤ ቢጫው ፍላግ (ዳኛ ፋውል ሲያይ የሚጥለው ጨርቅ) ሣሩ ላይ ወድቋል። ፊሽካው ተነፍቷል፣ ሁለቱም አሰልጣኞች ከዳር ሆነው ይጮኻሉ። ፋውሉ ሆልዲንግ (ተጋጣሚን ያለአግባብ መያዝ) እንደሆነ፣ ቅጣቱም 10 ያርድ እንደሆነ ሜዳው ላይ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። የሚከብደው ሌላው ጥያቄ ነው። 10 ያርዱ ከየት ተነስቶ ይቆጠር? ስናፑ (ኳሱ ከመሬት ወደ ኋላ ተላልፎ ጨዋታው የሚጀመርበት ድርጊት) ከተነሳበት? ፋውሉ ከተሠራበት? ወይስ ኳስ የያዘው ልጅ ከወደቀበት?

እኛ ባደግንበት እግር ኳስ ይሄ ጥያቄ የለም። ፋውሉ የተሠራበት ቦታ ላይ ኳሱ ይቀመጣል፣ ቅጣት ምቱ ይመታል፣ አለቀ። ይህን ልማድ ይዞ ወደ አሜሪካ ፉትቦል ዳኝነት የገባ ሰው ግን ደጋግሞ ይሳሳታል። እዚህ ቅጣቱ የሚቆጠርበትን ቦታ የሚወስነው በቅድሚያ የጨዋታው ዓይነት ነው፤ ጨዋታ የምለው ሙሉውን ግጥሚያ ሳይሆን ከስናፕ ወይም ከኪክ ጀምሮ ኳሱ እስኪሞት ያለውን አንድ ሙከራ ነው። ጨዋታው ወይ ሉዝ ቦል ፕሌይ ነው፣ ወይ ራኒንግ ፕሌይ ነው። ሦስተኛ የለም። ይህን አንድ ነገር በትክክል የለየ ዳኛ ሌላውን በቀላሉ ይጨርሰዋል። ያልለየ ግን ያርዱን በሚገባ ቆጥሮም ቢሆን ኳሱን የተሳሳተ ቦታ ያስቀምጣል።

የማወራው ስለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጨዋታ ነው። ደንቡን የሚያወጣው ኢንዲያናፖሊስ ያለው ኤንኤፍኤችኤስ (የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማኅበራት ብሔራዊ ፌዴሬሽን) ሲሆን አብዛኞቹ የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች በእሱ ይጫወታሉ። ቴክሳስ ዋናዋ ልዩነት ናት፣ የመንግሥት ትምህርት ቤቶቿ በኮሌጁ ደንብ ነው የሚጫወቱት። ስለዚህ ዳላስ ወይም ሂዩስተን ያላችሁ ከዚህ በታች ያለውን በጥንቃቄ አንብቡት፣ አንዱን ትልቅ ልዩነት ቦታው ላይ ስደርስ እነግራችኋለሁ። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ላላችሁ ወላጆች ደግሞ፣ ልጃችሁ አርብ ማታ ሲጫወት ነጭ ኮፍያ ያደረገው ዋና ዳኛ ምን እያሰላ እንደቆመ ከዚህ ትረዳላችሁ።

ለምሳሌዎቹ እንዲመቸን ስናፑን የሚያነሳውን ቡድን ሀ፣ ተከላካዩን ለ እንበለው። «የሀ 30» ስል በሀ የሜዳ ክልል፣ ከሀ ጎል መስመር የሚቆጠረውን 30 ያርድ ማለቴ ነው፣ 50 መሃል ሜዳ ነው። ካላልኩ በስተቀር ሁሉም ምሳሌ የሚጀምረው ፈርስት ዳውን (10 ያርድ ለመግፋት ከሚሰጡት አራት ሙከራዎች የመጀመሪያው)፣ 10 ያርድ የቀረው፣ ኳሱ የሀ 30 ላይ ሆኖ ነው።

ደረጃ 1፦ ፋውሉ ሲሠራ ኳሱ ሕያው ነበር?

ከስናፑ በፊት ወይም ከፊሽካው በኋላ የተሠራ ፋውል እዚህ ስሌት ውስጥ አይገባም። ጨዋታው ካለቀ በኋላ ተጋጣሚውን የገፈተረ ልጅ፣ ቅጣቱ የሚቆጠረው ቀጣዩ ጨዋታ ሊጀመርበት ከነበረው ቦታ ነው። ይህን መጀመሪያ ለዩና ወደ ጎን አድርጉት። ከዚህ በኋላ የምናወራው ኳሱ በጨዋታ ላይ እያለ ስለተሠራ ፋውል ብቻ ነው።

ደረጃ 2፦ ጨዋታው ሉዝ ቦል ነው ወይስ ራኒንግ?

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ስላለ ረጋ ብለን እንየው።

ኳስ ሉዝ የሚባለው ማንም በእጁ ሳይቆጣጠረው ሲቀር ነው። ማለትም ፓስ ሆኖ አየር ላይ ሲሆን፣ ተመትቶ ሲሄድ፣ ወይም ፋምብል ሆኖ (ከያዘው ልጅ እጅ አምልጦ) መሬት ላይ ሲንከባለል። ከእጅ ወደ እጅ የተቀባበሉት ኳስ ሉዝ አይደለም። ሉዝ ቦል ፕሌይ የሚባለው ግን ከዚህ ይለያል፣ ብዙ ሰው የሚደናገረውም በዚሁ ነው። መሬት ላይ የሚንከባለል ኳስ ሁሉ ጨዋታውን ሉዝ ቦል ፕሌይ አያደርገውም።

ሉዝ ቦል ፕሌይ የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ኪክኦፍና ሌሎች ፍሪ ኪኮች፣ ማለትም ያለ ስናፕ የሚመቱ ኪኮች። ከስክሪሜጅ መስመር (ስናፑ የሚነሳበት፣ ከዚህ በኋላ «መስመሩ» የምለው) የሚመታ ኪክ፣ ለምሳሌ ፐንት (ኳሱን ለተጋጣሚው ለማስረከብ በእግር አርቆ መምታት)፣ ኋላ ከምናየው አንድ ልዩ ሁኔታ በስተቀር። ሕጋዊ የሆነ የፊት ፓስ። ከዚያም ቡድን ሀ ኳሱ ወደ ለ እጅ ከመግባቱ በፊት፣ ኒውትራል ዞኑ (ከስናፑ በፊት ሁለቱን ቡድኖች የሚለየው ጠባብ ቦታ) ውስጥ ወይም ከእሱ ኋላ ሆኖ የሠራው ፋምብል፣ የኋላ ፓስ ወይም ሕገወጥ ኪክ። ስናፑ ራሱ እንደ ኋላ ፓስ ይቆጠራል።

አሁን ከሁሉም በላይ ልብ በሉ። ከእነዚህ ድርጊቶች በፊት የነበረው ሩጫም የሉዝ ቦል ፕሌዩ አካል ነው። ኳርተርባኩ (ስናፑን ተቀብሎ ጨዋታውን የሚመራው ልጅ) ኳሱን ይዞ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ፣ ግራ ቀኝ ሲሮጥ፣ ከዚያ ሲወረውር፣ ያ ሁሉ ከስናፑ ጀምሮ ፓሱ እስኪያልቅ ድረስ አንድ ሉዝ ቦል ፕሌይ ነው። ፋውሉ የተሠራው ኳሱ ገና በኳርተርባኩ እጅ እያለ ቢሆንም እንኳ። ይህ ማለት ዳኛው ፍላጉን በጣለበት ቅጽበት የጨዋታውን ዓይነት ላያውቀው ይችላል። የሚያውቀው ቀጥሎ የሆነውን ካየ በኋላ ነው። ስለዚህ ፍላጉን ጥላችሁ ዓይናችሁን ከጨዋታው አታንሱ።

የቀረው ሁሉ ራኒንግ ፕሌይ ነው። ኳስ ይዞ መሮጥ። ፓስ ከተያዘ በኋላ ያለው ሩጫ። ኢንተርሴፕሽን (ከተጋጣሚ የተጠለፈ ፓስ) ወይም ኪክ ይዞ መመለስ። ከመስመሩ ያለፈ ፋምብል፣ ኳሱ መሬት ላይ እየተንከባለለም ቢሆን። ኳሱ ወደ ለ እጅ ከገባ በኋላ የሚሠራ ማንኛውም ፋምብል። ሕገወጥ የፊት ፓስም እዚሁ ነው የሚገባው፣ ሩጫው ፓሱ በተወረወረበት ቦታ እንዳለቀ ተደርጎ ይቆጠራል።

ለፋምብልና ለኋላ ፓስ እንግዲህ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ኳሱ ሉዝ የሆነው ከመስመሩ ኋላ ነው ወይስ አልፎ? ባለቤትነቱ ከዚያ በፊት ተቀይሮ ነበር ወይስ አልተቀየረም? የሚታየው ልጁ ኳሱን ያጣበት ቦታ ነው። ኳሱ ተንከባሎ የት እንደደረሰ ወይም ማን እንዳነሳው ዓይነቱን አይቀይረውም።

ደረጃ 3፦ ቤዚክ ስፖቱን አግኙ

ቤዚክ ስፖት ማለት ቅጣቱ የሚቆጠርበት መነሻ ነው። ሉዝ ቦል ፕሌይ ከሆነ መነሻው ስናፑ የተነሳበት (ፍሪ ኪክ ከሆነ ኪኩ የተመታበት) ቦታ ነው። ራኒንግ ፕሌይ ከሆነ መነሻው ፋውሉ የተሠራበት ሩጫ ያለቀበት ቦታ ነው። ሩጫ የሚያልቀው ወይ ኳሱ በሯጩ እጅ እንዳለ ጨዋታው ሲሞት፣ ወይ ሯጩ ኳሱን ሲያጣ ነው።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ በቁጥር እንየው። ኳርተርባኩ ኳሱን ይዞ ወደ ኋላ ሄደ። አንድ የለ ተከላካይ ፌስማስኩን (የራስ ቁሩን የፊት መከላከያ) ይዞ ጠምዝዞ የሀ 22 ላይ ጣለው። ኳሱ ከእጁ አልወጣም። ያ ተራ ሩጫ ነው፣ ያለቀውም የሀ 22 ላይ ነው። 15 ያርድ ከዚያ ይቆጠራል፣ ኳሱ የሀ 37 ላይ ይቀመጣል፣ ፈርስት ዳውን ሆኖ 3 ያርድ ይቀረዋል።

አሁን ያንኑ ጨዋታ ድገሙት። ያው ልጅ፣ ያው ፌስማስክ፣ ያው የሀ 22። ግን ሲጠመዘዝ ኳሱ ከእጁ አመለጠ። ከመስመሩ ኋላ የተሠራ ፋምብል ስለሆነ ከዚያ በፊት የነበረው ሩጫ በሙሉ ወደ ሉዝ ቦል ፕሌይ ገባ። መነሻው የሀ 30 ሆነ። 15 ሲጨመር የሀ 45፣ አዲስ ፈርስት ዳውን። ኳሱን ለ ቢያነሳው እንኳ ሀ ቅጣቱን ተቀብሎ ኳሱን ይዞ ይቀጥላል። ፋውሉ አንድ ነው፣ ልዩነቱ 8 ያርድና አዲስ ፈርስት ዳውን ነው። ዳር ላይ ያለው አሰልጣኝ «ባለፈው እንዲህ አልነበረም!» ብሎ ቢጮህ እውነቱን ሊሆን ይችላል፣ ሁለቱም ውሳኔ ግን ትክክል ነው።

ቴክሳስ ላላችሁ፣ ልዩነቱ ይሄ ነው። በኮሌጁ ደንብ ሩጫው ከኒውትራል ዞኑ ኋላ ካለቀ መነሻው ወደ ስናፑ ቦታ ይመለሳል። ስለዚህ የመጀመሪያውም ምሳሌ የሀ 45 ላይ ያልቃል። ሁለቱን ደንብ ቀላቅሎ የሚያጠና ሰው ፈተና ላይ የሚወድቀው እዚህች ጋ ስለሆነ፣ በየትኛው እንደምትዳኙ ወስናችሁ እሱን ብቻ አጥኑ።

የተያዘ ፓስም እንይ። ሀ ወረወረ፣ ተቀባዩ የሀ 45 ላይ ያዘው፣ ሮጦ የለ 45 ላይ ወደቀ። 25 ያርድ አገኙ ማለት ነው። ለ ፌስማስክ የያዘው ኳሱ አየር ላይ እያለ ከሆነ መነሻው የሀ 30 ነው፣ ቅጣቱ የሀ 45 ያደርሳል፣ የትኛውም ጤነኛ አሰልጣኝ ቅጣቱን ትቶ የለ 45ን ይወስዳል። ፌስማስኩ የተያዘው ግን ፓሱ ከተያዘ በኋላ፣ ሯጩ ላይ ከሆነ፣ መነሻው ሩጫው ያለቀበት የለ 45 ነው። 15 ተጨምሮ የለ 30። ስለዚህ ፍላግ የጣለው ዳኛ ለዋናው ዳኛ ሲነግር «ፌስማስክ፣ ለ» ብሎ ማቆም የለበትም። «ከመያዙ በፊት» ወይም «ከተያዘ በኋላ» ብሎ መጨመር አለበት። ይህች ጭማሪ ከሌለች ዋናው ዳኛ መነሻውን ሊያውቅ አይችልም።

ኦፕሽን (ኳርተርባኩ እየሮጠ ኳሱን ራሱ መያዝ ወይም ለጓደኛው መስጠት የሚመርጥበት ስልት) የሚጫወቱ ቡድኖች ደግሞ ሌላ ፈተና ያመጣሉ። ኳርተርባኩ ከመስመሩ ኋላ ሆኖ ኳሱን ወደ ኋላ ለጓደኛው ቢወረውር፣ እሱ እስኪወረውርና ኳሱ አየር ላይ እስካለ ድረስ ሉዝ ቦል ፕሌይ ነው። ጓደኛው ይዞ ሲሮጥ አዲስ ራኒንግ ፕሌይ ይጀምራል። መስመሩን 4 ያርድ አልፎ ከወረወረው ግን ሁሉም ራኒንግ ነው፣ የኳርተርባኩ ሩጫም ኳሱን በለቀቀበት ቦታ ያልቃል።

ደረጃ 4፦ ፋውሉን ማን ሠራው? የት?

መነሻው ከታወቀ በኋላ አንድ ሕግ ብቻ ይቀራል። ማንኛውም ፋውል ከቤዚክ ስፖቱ ይቆጠራል፣ ከአንዱ በስተቀር። ኳሱን የያዘው ቡድን ከቤዚክ ስፖቱ ኋላ ፋውል ከሠራ፣ ቅጣቱ ፋውሉ ከተሠራበት ቦታ ይቆጠራል። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ዳኞች ኦል በት ዋን የሚሉት ይሄን ነው።

ምሳሌ። የሀ ሯጭ የሀ 45 ደርሶ ኳሱን አጣ። ጓደኛው የሀ 42 ላይ አንስቶ እዚያው ወደቀ። ከመስመሩ ያለፈ ፋምብል ስለሆነ ራኒንግ ፕሌይ ነው፣ መነሻው ሯጩ ኳሱን ያጣበት የሀ 45 እንጂ የተነሳበት የሀ 42 አይደለም። ኳሱ እየተንከባለለ ለ ፌስማስክ ቢይዝ ከሀ 45 ተነስቶ 15፣ የለ 40 ይሆናል። ሀ ከመነሻው ፊት፣ የሀ 48 ላይ፣ ሆልዲንግ ቢሠራ አሁንም ከሀ 45 ይቆጠራል፣ የሀ 35 ይሆናል። ሀ ከመነሻው ኋላ፣ የሀ 40 ላይ፣ ሆልዲንግ ቢሠራ ግን ከዚያው ከሀ 40 ተቆጥሮ የሀ 30 ይሆናል።

እዚህ ላይ 2023 ላይ የመጣውን ለውጥ እወቁ፣ የድሮ ማስታወሻ ይዞ የሚያጠና ሰው አለና። ቀድሞ ሯጩ መስመሩን አልፎ ሄዶ ሳለ የሀ ልጅ ከመስመሩ ኋላ ሆልዲንግ ከሠራ ከዚያው ቦታ ይቆጠር ነበር። የሀ 24 ላይ የተሠራ ሆልዲንግ ቡድኑን የሀ 14 ያደርሰው ነበር። አሁን ከመስመሩ ኋላ የሀ ፋውሎች የሚቆጠሩት ስናፑ ከተነሳበት ነው፣ እንደ ሕገወጥ ኪክና ኳስን በእጅ መምታት ያሉ ጥቂቶች ሲቀሩ። ስለዚህ ያው ሆልዲንግ ዛሬ የሀ 20 ላይ ያልቃል። በእኔ እይታ ጥሩ ለውጥ ነው። ድሮ አንድ ሆልዲንግ የአንድን ቡድን ተራ በሙሉ ይገድል ነበር። ደንቡ በየዓመቱ ስለሚነካካ ሁልጊዜ የዓመቱን መጽሐፍ ይዛችሁ አጥኑ።

ፐንት ላይ ያለው ልዩ ሁኔታ

ፐንት ሉዝ ቦል ፕሌይ ስለሆነ መነሻው ስናፑ የተነሳበት ነው ብላችሁ ትጀምራላችሁ። ተቀባዩ ቡድን ፋውል ሲሠራ ግን ይህ ያስቸግራል፣ ምክንያቱም ለመቺው ቡድን ኳሱን መልሶ ሊሰጠው ይችላል። ለዚህ ፖስት ስክሪሜጅ ኪክ የሚባል ሕግ አለ። ኪኩ መስመሩን ካለፈ፣ ተቀባዩ ፋውሉን የሠራው ከመስመሩ ወዲያ በራሱ በኩል ሆኖ ኪኩ ሳያልቅ ከሆነ፣ ቀጣዩን ጨዋታ የሚጀምረውም ተቀባዩ ከሆነ፣ መነሻው ኪኩ ያለቀበት ቦታ ይሆናል። ተቀባዩም እንደ ኳስ ባለቤት ተቆጥሮ የደረጃ 4 ሕግ ይሠራበታል።

ኳሱ የለ 30 ላይ ተያዘ እንበል። ገና አየር ላይ እያለ አንድ የለ ልጅ የለ 35 ላይ ተጋጣሚውን ከጀርባ ገፋ። ከመነሻው ፊት ነው፣ ስለዚህ ከለ 30 ተቆጥሮ የለ 20። ያው ግፊያ የለ 25 ላይ ቢሆን ከመነሻው ኋላ ነው፣ የለ 15 ይሆናል። ያዡ ከዚያ በኋላ መሃል ሜዳ ድረስ ቢሮጥም ያ ሩጫ ቀረ።

ቢን ባጉን ለምን ያዝነው?

ወገባችን ላይ ያለችው ትንሽ ከረጢት የሩጫ ወይም የኪክ መጨረሻ ማስታወሻ ናት። ሯጩ ከመስመሩ አልፎ ኳሱን ሲያጣ ባጣበት ቦታ ጣሏት። ኪክ ያለቀበትም ላይ እንዲሁ። ምክንያቱ እስካሁን ያልነው ነው፣ ያ ቦታ መነሻ ሊሆን ይችላል፣ ኳሱን ተከትላችሁ 20 ያርድ ከሮጣችሁ በኋላ ደግሞ በትዝታ አታገኙትም። ከመስመሩ ኋላ በተሠራ ፋምብል ላይ ግን አትጣሉ። እዚያ መነሻው ስናፑ ስለሆነ የፋምብሉ ቦታ ለምንም አይጠቅምም። እንዲያውም አለቦታው የወደቀች ከረጢት ዋናውን ዳኛ ወደተሳሳተ ቦታ ትመራዋለች። አንድ ዳኛ ከረጢቱን የት እንደሚጥል አይታችሁ ይህን ሕግ መረዳት አለመረዳቱን ማወቅ ትችላላችሁ።

ሁሉንም በአንድ ጨዋታ

ወረቀት ያዙና ይህን ሥሩት። ሴከንድ ዳውን፣ 8 ያርድ ቀርቷል፣ ኳሱ የሀ 40 ላይ ነው። ኳርተርባኩ የሀ 33 ላይ ተመትቶ ኳሱን አጣ። የሀ ራኒንግ ባክ (ዋና ሥራው ኳስ ይዞ መሮጥ የሆነ ልጅ) የሀ 34 ላይ አነሳው፣ መስመሩን አልፎ ሮጦ የለ 48 ላይ እሱም አጣው። ለ የለ 45 ላይ አንስቶ ወደ 50 መስመር ሮጦ ወደቀ።

ፍላጉ የወደቀው የመጀመሪያው ፋምብል እየተንከባለለ ሳለ ለ በሠራው ሆልዲንግ ነው እንበል። ከመስመሩ ኋላ፣ ባለቤትነት አልተቀየረም። ሉዝ ቦል። ከሀ 40 ተነስቶ 10 ያርድ፣ ኳሱ 50 ላይ፣ ለሀ አዲስ ፈርስት ዳውን።

ፍላጉ ራኒንግ ባኩ ሲሮጥ ለ ፌስማስኩን ስለያዘ ከሆነ፣ ያ አዲስ ሩጫ ነው፣ ያለቀውም ኳሱን ያጣበት የለ 48 ላይ ነው። 15 ሲቆጠር የለ 33፣ ኳሱ የሀ ሆኖ ይቀራል።

ፍላጉ በዚያው ሩጫ ላይ ሀ የሀ 45 ላይ በሠራው ሆልዲንግ ቢሆንስ? መስመሩን ያለፈ ነው፣ ከመነሻው ከለ 48 ግን ኋላ ነው፣ ስለዚህ ከዚያው ተቆጥሮ የሀ 35፣ ሴከንድ ዳውን፣ 13 ያርድ የቀረው። ግን የለን አሰልጣኝ ጠይቁት። ኳሱ በእጁ ገብቷልና ቅጣቱን ትቶ ከ50 ይጀምራል።

የመጨረሻው። ለ ኳሱን አንስቶ ሲሮጥ ጓደኛው የለ 46 ላይ ተጋጣሚውን ከጀርባ ገፋ። ባለቤትነት ተቀይሯል፣ ራኒንግ ፕሌይ ነው፣ የሩጫው መጨረሻ 50 ነው። አሁን ኳሱን የያዘው ለ ነው፣ ፋውሉም ከመነሻው ኋላ ነው። ከለ 46 ተቆጥሮ የለ 36፣ የለ ኳስ፣ ፈርስት ዳውን ከ10 ያርድ ጋር። ለ ኳሱን ያገኘው ከፋውሉ በፊት ስለሆነ ኳሱ አይወሰድበትም። ግፊያው የተሠራው ኳሱ ገና መሬት ላይ እየተንከባለለ፣ ማንም ሳያነሳው ቢሆን ኖሮ ግን መነሻው የለ 48 ይሆን ነበር፣ ኳሱም ወደ ሀ ይመለስ ነበር። ስለዚህ ፍላጉን የጣለው ዳኛ የግፊያውን ቦታ ብቻ ሳይሆን በዚያች ቅጽበት ኳሱ በማን እጅ እንደነበረ ለዋናው ዳኛ መንገር አለበት፣ እሱ ካልታወቀ ቆጠራው አይጀመርም።